በዓይን ውስጥ ያለችው ልጅ

ብቸና፣ የካቲት 1፣ ረቡዕ

ዛሬ ዘጠነኛ «ለ» ክፍል ውስጥ አፈርኩ። ስለ ዓይን የሚያወራ የእንግሊዝኛ ምንባብ ነበር። «ፒዩፕል ማለት የዓይን ብሌን ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል ንጋት እጇን አውጥታለች። ንጋት እጇን ካወጣች ሰላም የለም።

«ቲቸር፣ ባለፈው ፒዩፕል ማለት ተማሪ ነው ብለውን ነበር። እንግሊዞች ቃል አልቆባቸው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም «እንዲሁ ነው፣ ሁለት ትርጉም አለው» አልኩና ቀጠልኩ። እንዲሁ ነው! ይሄ ደግሞ መልስ ነው? ልጅ ሳለሁ «እንዲሁ ነው» የሚለኝን መምህር እንዴት እጠላው እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። እራቴን ስበላም፣ ደብተር ሳርምም ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ተማሪና የዓይን ብሌን ምን አገናኛቸው?

የካቲት 3፣ ዓርብ

ትልቁን መዝገበ ቃላት ከቤተ መጻሕፍት ተሸክሜ መጣሁ። አንደኛ፣ ተማሪ። ሁለተኛ፣ በዓይን መሐል ያለው ጥቁር ክብ። ለምን? ጭጭ። ያተረፍኩት ማስነጠስ ብቻ ነው።

ባምላኩ አይቶኝ ሳቀ። ባምላኩ የአማርኛ መምህር ነው። መምህር ከመሆኑ በፊት ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ ዛሬም ቃል ሲያገኝ ሳያገላብጥ አይለቅም። «እኛ ዘንድ አንድ ቃል እንግዳ ሆኖ ሲመጣ፣ አባቱ ማን፣ አገሩ የት ተብሎ ተጠይቆ ነው የሚያድረው። እናንተ ደግሞ ዝም ብላችሁ ታስገባላችሁ» አለኝ።

«እንግዲያ አንተ ንገረኛ። በግዕዝ የዓይን ብሌን ምን ይባላል?»

«ብንተ ዐይን። ዳዊት ላይ አለ፤ ዕቀበኒ ከመ ብንተ ዐይን። እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ ነው።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ቢንት! ሞጣ መድረሳ ስቀራ መጀመሪያ ከያዝኳቸው የዐረብኛ ቃላት አንዷ ናት። ቢንት ሴት ልጅ ናት። «ባምላኩ፣ የዓይን ልጅ እኮ ነው ያልከው! የዓይን ሴት ልጅ!»

እሱም ቀስ ብሎ «ዳዊቱን ከሙስሊም ልማር?» አለ፤ ደስ ብሎት ግን ነበር፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ሁለታችንም የማናውቀው አንድ ነገር ቀረ። ዓይን ምን ሴት ልጅ አላት?

የካቲት 5፣ እሑድ

ከሞጣ አሁን ገባሁ። አቧራ ጠጥቻለሁ።

እማ ደህና ናት። ዓይኗ ብቻ ነው። ዑሙሰልማ የአባቴ እህት ናት፤ ወላጆቼ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበርኩ፣ እሷ ናት ያሳደገችኝ፤ እኔም ከእማ ሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ገበያው ዳር ጨርቅና ክር የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ይሄ የትራኮማ ጣጣ ነው፤ የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ እየገባ ይወጋታል። በሄድኩ ቁጥር ከመስኮቱ ሥር ጭኔ ላይ ትጋደምና በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። ከሁሉ ሰው እጅ የኔን ነው የምትወደው። «የሲሃም እጅ ምሕረት አለው» ትላለች። ስጨርስ እፎይ ብላ ስትቀመጥ ከማየት በላይ ምን ደስታ አለ?

ልጇ አብዱልሐኪም ሱቁን አብሯት ይይዛል። «ጤና ጣቢያ ሄዳ የዓይን ቆቧን ትሰራ» ብሎ ነዘነዘን። እማም «ጎረቤቴ ሀሲና ተሰርታ ጸጉሩ መልሶ በቀለባት» ብላ ዘጋችው። እኔ ምንም አላልኩ። መንገድ ላይ የሆነ ነገር እንዳላልኩ ብቻ ሲሰማኝ ነበር።

ቀኝ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር አየሁ መሰለኝ። የመስኮቱ ብርሃን ይሆናል።

የካቲት 8፣ ረቡዕ

አገኘሁት! አገኘሁት! ኔትወርክ እንደ ምንም መጥቶ አንድ ገጽ ከፈተልኝ።

በላቲን ፑፓ ማለት ትንሽ ሴት ልጅ፣ አሻንጉሊትም ነው። ፑፒላ ደግሞ ከሷ ያነሰች፣ ሚጢጢዬ አሻንጉሊት። ወደ ሰው ዓይን ተጠግተህ ስታይ፣ ጥቁሩ መሐል ላይ ትንሽ ሰው ቆማ ታያለህ። ራስህ ነህ! ያቺን ትንሽ ሰው አይተው ነው ብሌኑን «አሻንጉሊቷ» ያሉት። የኛዎቹም «የዓይን ልጅ» ያሉት ይቺኑ ልጅ አይተው ነው ማለት ነው። ሮማና ግዕዝ ማዶ ለማዶ ሆነው አንዷን ልጅ አዩ።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጮህኩ። ባምላኩ «ሳላይ አላምንም» አለ። ተጠጋሁና ዓይኑን በረገድኩት። «አለሽ?» ይለኛል። «አለሁ፣ ሻሼ ሳይቀር አለ!» እሱም በተራው የኔን ሲያይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ደረሱ። ቆም ብለው አዩን። «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ብለው ወጡ። ከውጭ ለአንዱ ሲነግሩት ሰማሁ፦ «መጽሐፍ ሲበዛ መጨረሻው እንዲህ ነው።» ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

የካቲት 10፣ ዓርብ

ዘጠነኛ «ለ»ን ሁለት ሁለት አድርጌ ዓይን ለዓይን አስተያየኋቸው። ገበያ ሆነ። ንጋት ጓደኛዋን ጨምድዳ ይዛ «አየሁኝ! ቲቸር፣ እዚያ ውስጥ ሚጢጢ ሆኜ አለሁ!» ትላለች።

«ተማሪስ?» አለች ወዲያው። አትለቅም እኮ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ብልህም አይለቅም።

ተማሪ የሚለውን ሰኞ እነግራችኋለሁ አልኳት። አውቀዋለሁ፣ አንብቤዋለሁ። ከዚያው ከፑፓ ነው የሚመጣው፤ ፑፒሉስ፣ ፑፒላ። ወላጅ የሌለው፣ በአሳዳጊ እጅ ያለ ልጅ ማለት ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም መጀመሪያ ትርጉሙ ይሄ ነበር፤ በመምህር እጅ ያለ ልጅ የተባለው ኋላ ነው።

ለምን ዛሬ እንዳልነገርኳቸው አላውቅም። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ማጥፋት ጀመርኩ። ሰዓቱ አጥሮ ይሆናል።

የካቲት 12፣ እሑድ

ትናንት ሞጣ ነበርኩ። እማ እንደ ልማዷ ጭኔ ላይ ተጋደመች። ወረንጦውን ከማንሣቴ በፊት ዓይኗን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ልጅቱን ፍለጋ።

ግራው ላይ አለሁ። ሻሼ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም አለ።

ቀኙ ላይ ማንም የለም። ጥቁሩ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ነጭ የመሰለ ነገር ተደፍቶበታል። እንደገና አየሁ። አቅጣጫ ቀየርኩ። የለሁም።

«ምን ታፈጫለሽ? ንቀይልኝ እንጂ» አለችኝ።

«አሻንጉሊት እየፈለግሁ ነው» አልኳትና ስለ ቃሉ ነገርኳት። ሳቀች። «በሽምግልናዬ ዓይኔ ውስጥ አሻንጉሊት አገባሽብኝ!»

ነቀልኩላት። ሁለቱንም። ብርሃን ባነሰበት ሰዓት ስለነበር የቀኙ ምን እንደሆነ በደንብ ማየት አይቻልም።

የለም፣ ብርሃን ነበር። ገና ከቀትር በፊት ነበር።

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ፣ የሞዴል ፈተና። ሲስተር የሺእመቤትን እዚህ ብቸና ጤና ጣቢያ ሄጄ አገኘኋት፤ እዚህ ዓይን የምትሰራው እሷ ናት። «አንዲት የማውቃት ሴት አለች» ብዬ ጠየቅኋት።

ያለችኝ፦ ወደ ውስጥ የገባ ጸጉር ብሌኑን ይፍቃል። ሲነቀል ለጊዜው ይተዋታል። ሲበቅል ግን አጭርና ደረቅ ሆኖ፣ እንደ ታጨደ ገለባ ቋሚ። የባሰ ይወጋል። በወረንጦ ስትታገዝ የኖረች ሴት ዓይኗ ውስጥ ውስጡን ያልቃል፤ የሚያስታግስላት ሰው ስላለ ወደኛ አትመጣም።

የሚያስታግስላት ሰው ስላለ።

«ነጭ ከሆነ አይመለስም» አለችኝ። «ሌላው ዓይን ካለ ግን ሳይረፍድ ትምጣ። ቆቡን ገልብጠን እንሰፋዋለን፣ በሰዓት ውስጥ ያልቃል።»

ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነው።

የካቲት 26፣ እሑድ

ነገርኳት። ማለቴ ግማሹን ነገርኳት። «ግራውን ካላሰራሽ አደጋ አለው» አልኩ። ስለ ቀኙ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ረመዷን እየመጣ? ከጾም በኋላ እናየዋለን» አለች። አብዱልሐኪም ጮኸ። እሷም ጮኸች። የሀሲና ስም መቼም ሳይነሣ አይቀር። ከዚያ ዓይኗ እያለቀሰ (ከሐዘን አይደለም፣ ጸጉሩ ነው የሚያስለቅሳት) ወረንጦውን ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ሰጠችኝ።

ነቀልኩላት። ምን ላድርግ? ሰው እናቱን እያለቀሰች ትቶ ይሄዳል?

አብዱልሐኪም በር ላይ ቆሞ «አንቺ ስላለሽ ነው እኮ የማትሄደው» አለኝ። ብሽቅ። እሱ ምን ያውቃል፣ እጁ እንደ ጉማሬ።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

ባምላኩ ሁዳዴን እየጾመ ነው፤ እኔም በሚቀጥለው ሳምንት እጀምራለሁ። «አንቺ ማታ፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት። ማን ይበልጣል?» እያለ ይነተርከኛል።

ዛሬ ግን የቁም ነገር ቀን ነበር። ለእሱ ብቻ ስለ ፑፒላ ሦስተኛ ትርጉም ነገርኩት፤ አሻንጉሊት፣ ብሌን፣ በአሳዳጊ እጅ ያለ ልጅ። አብዱልሐኪምም በስልክ አንድ ነገር ጨምሮልኛል። ዐረቦች ብሌኑን ኢንሳኑል ዐይን ይሉታል፣ የዓይን ሰው ማለት ነው። «ስለ ዓይን ቃል ከምትጠይቂኝ ስለ ዓይኗ ብትጠይቂኝ» ብሎ ዘጋብኝ እንጂ።

ባምላኩ ቃሉን አገላበጠው። «ትንሽነታቸው ብቻ አይመስለኝም ያገናኛቸው» አለ። «ዳዊት እኮ ጠብቀኝ ነው የሚለው። ሰው እጁን ሳያዘው የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ብሌኑ ነው፤ ዝንብ ሲመጣ እንኳ ቆቡ ራሱ ይከደናል። ወላጅ የሌላት ልጅም የሚጠብቃት ካላገኘች የለችም።»

መጽሐፉ እንዲህ አይልም፤ የባምላኩ ፍቺ ነው። ግን እንዴት ደስ አለኝ! አንዲት ቃል ስትከፍታት ውስጧ ቤት አላት፣ ጓዳ አላት፣ ሰው ይኖርባታል። ደስታዬ እስከ ቤት አላደረሰኝም። ብሌኑን የሚጠብቀው ቆቡ ነው አለ። የእማ ቆብ ነው ብሌኗን የሚፍቃት። እኔ ደግሞ ቆቡን ሳግዝ ከረምኩ።

መጋቢት 10፣ እሑድ

አልነቅልም አልኳት።

ጭኔ ላይ ተጋድማ፣ ወረንጦውን ዘርግታልኝ። «አልነቅልም፣ እማ። ካሁን በኋላ አልነቅልልሽም። ጤና ጣቢያ እንሂድ።» የቀለድኩ መሰላት። ከዚያ ቀና አለች።

«ያመኛል እኮ፣ ሲሃም።»

«አውቃለሁ።»

«አውቀሽ ነው?»

ሻሿን አስተካከለች። ቀስ ብላ፣ ሳትጮህ «የወለድኩሽ ብትሆኚ ይሄን አታደርጊብኝም ነበር» አለች።

በሕይወቴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። አንድም ቀን። ምድር ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዬን አነሣሁና ወጣሁ፤ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ሐዘን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ውሸት አይደለም መቼም።

መጋቢት 15፣ ዓርብ

የረመዷን ሁለተኛ ቀን። እማ አልደወለችም። ሁሌ በመጀመሪያው ቀን «በምን አፈጠርሽ?» ትለኝ ነበር።

አብዱልሐኪም ደወለ። እማን ምን አገኛት ብትሉ፣ ሀሲና አዲስ ወረንጦ ገዝታ እየነቀለችላት ነው! ያቺው ተሰርታ በቀለብኝ የምትለው ሀሲና! ራሷ ዓይኗን አጨናቁራ ካላየች መርፌ የማትሰካ ሴት! ስልኩን ልወረውረው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። እኔ ብነቅል ቢያንስ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ወይኔ። ምን እያልኩ ነው?

መጋቢት 24፣ እሑድ

ትናንት ሳልነግራቸው ሞጣ ወረድኩ። ሱቁ በር ላይ ስደርስ አንዲት ደንበኛ አረንጓዴ ክር ጠይቃ እማ ሰማያዊ ሰጠቻት። ሴትዮዋ አብዱልሐኪምን በዓይኗ ጠቅሳ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናትህን አሳርፋቸው» አለችው። እማ ሰማች። ጆሮዋ ምንም አልሆነም። ማሸጊያውን ሁለቴ አስራ ፈታችው።

ካፈጠርን በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ኩርፊያውን አላነሣነውም። ምክንያት ብደረድር እንደማይሆን አውቄዋለሁ፤ ስለዚህ እውነቱን ብቻ ነገርኳት።

«እማ፣ ያን ቀን አሻንጉሊቷን ስፈልግ፣ ቀኝሽ ላይ የለሁም። ነጭ ሆኗል። አይመለስም አሉኝ። ከየካቲት ጀምሮ አውቃለሁ።»

ውጭ ሕፃናት ይጫወታሉ።

«ግራውስ?»

«ግራው ላይ አለሁ።»

«እስካሁን አለሽ?»

«ዛሬ አላየሁም።»

«እይኛ!»

መብራቱን አስጠግቼ አየሁ። አለሁ፤ ግን ጥጉ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ጀምሯል። ያንንም ነገርኳት።

ተነሥታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቁጣዋ መጣ፣ የማውቀው ቁጣ፣ እንዴት እንደናፈቀኝ። «ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም? ሮማ ምን አለ፣ ዐረብ ምን አለ ስትይኝ ከርመሽ! አላህ ይይልሽ! በይ፣ ለዒድ ማግስት ቀጠሮ ያዙልኝ። ዒዴን ግን አላበላሽም።»

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ

በመጨረሻ ለዘጠነኛ «ለ» የቀረውን ትርጉም ነገርኳቸው። በአሳዳጊ እጅ ያለ ልጅ ስል ወደ ሰሌዳው አልዞርኩም። ንጋት «ታዲያ እኛ ወላጅ እያለን ለምን ፒዩፕል ተባልን?» አለች። አብረን አሰብን። ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ እኛ አልጨረስንም።

ሚያዝያ 17፣ ማክሰኞ

ፈቃድ ወስጄ ሞጣ ነኝ። ትናንት ተሰራች፤ ዛሬ ፋሻው ተፈታ። ግራው ደህና ነው፣ ጉሙ ገና ዳር ላይ ነው፣ ብሌኑ ድኗል። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።

ያ ብቻ አይደለም ግን የምጽፈው።

ትናንት ከመሰራቷ በፊት የሞጣ ጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ ከሌላ ከተማ የተመደበ ትሑት ወጣት፣ ቀኙን በባትሪ አየው። ቆቡን ገለበጠ፣ አጠረ ያሉትን ጸጉሮች ቆጠረ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ይሄ የዓመታት ሥራ ነው። ቀድመው ቢመጡ ሁለቱም ይተርፉ ነበር። ማነው ሲነቅልልዎ የኖረው?»

አፌን ከፈትኩ። ወላሂ ከፍቼ ነበር።

«እኔው ነኝ» አለች እማ። «በገዛ እጄ።»

«ብቻዎን? እንዴት አድርገው አይተው?»

«በመስታወት።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ መምህር አይደሉ? እንዴት ዝም አሏቸው?»

«እሷማ መች ዝም አለችኝ!» አለች እማ፣ ሊቆጣት የመጣ ሰው ያለ ያህል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በመጣች ቁጥር ስትለምነኝ ነው የኖረችው። እኔ ነኝ እንቢ ባይዋ። እሷን አትናገርብኝ።»

ልጁ «ይቅርታ» አለኝ። እኔን! እኔም አቀርቅሬ ተቀበልኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ሰው አስተምራለሁ፤ ካሮጊት ጀርባ ተሸሽጌ ቆምኩ።

ዛሬ ፋሻው ተፈቶ ወደ ቤት ስንመጣ ክንዷን ይዣለሁ። ገበያውን አልፈን ሰው ሲቀንስ «እማ፣ ትናንት ለምን...» ብዬ ጀመርኩ፤ ድምፄም ተሰበረ።

«ዝም በይ» አለችኝ። «አታስለቅሺኝ። ስፌቱ ይላላል።»

ዝም አልኩ።